ድምፅ የሌለው ሣጥን

ማክሰኞ 3፣ ጠዋት

ሐኪሙ ቀን ቆረጠ። በሚመጣው ወር አሥራ አራት፣ ሰኞ። ከዛሬ አርባ አንድ ቀን።

የእትዬ የጉሮሮ ዕጢ ብቻውን አይወጣም፤ ከነማንቁርቱ ነው። እትዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር የመጣችው። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብላ ሰማችው።

«ከዚያ በኋላስ?» አለችው።

«ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይራመዳሉ።»

«ማውራትስ?»

ሐኪሙ ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነበር።

ደረጃውን ስንወርድ «በል ፈጠን በል፣ የአራት ሰዓቱን አውቶቡስ ማን ይጠራልኛል?» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ጣቢያው ድምፅ እሷ ናት። ሾፌሮቹ «ደወል» ነው የሚሏት። ፊቷን አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ድምፅዋን ያውቃል። እኔን ግን ያ ድምፅ ነው ያሳደገኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ ሃያ ሁለት ነበረች።

ዝናቡ ዛሬ ጀመረ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሐሙስ 5

የንግግር ባለሙያዋ ዘንድ ሄድን። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችን። እትዬ ታነበዋለች፣ ይቀዳል፣ ከዚያ ኮምፒውተር ድምፅዋን ይማራል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ እሷ ስትጽፍ ማሽኑ በእሷ ድምፅ ይናገራል።

«ቶሎ ጀምሩ» አለች ባለሙያዋ። «በየሳምንቱ እየደከመ ነው የሚሄደው። ለቀረጻው ስልክም ይበቃል።»

ስልክ! የሃያ ስድስት ዓመት ድምፅ በስልክ!

የማስተማሩን ሥራ በሌላ ቦታ ባለ ትልቅ ማሽን ማሠራት ይቻላል አለችን። እትዬ እምቢ አለች። «ድምፄን ለማላውቀው ሰው አላበድርም፤ ሰው የተዋሰውን መቼ ይመልሳል?» ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ነው የሚማረው። ያለን ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው።

እኔ እሠራለሁ አልኩ።

ሐሳቤ ይህ ነው። ጣቢያ ውስጥ ያለችው የማስታወቂያ ክፍል ጠባብ ናት፤ ማይክሮፎኑ ጎን የሚቀመጥ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ሣጥን መሆን አለበት። ድምፅ ለመማር ደግሞ ብርቱ ማሽን ያስፈልጋል። ብርቱ ነገር ይግላል። ትንሽ ሣጥን ውስጥ የጋለ ነገር በማራገቢያ ብቻ ይቀዝቅዝ ከተባለ ይጮሃል። የማይጮህ ውሃ ነው። ውሃው ሙቀቱን ከውስጥ ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል፣ እዚያ አራግፎ ይመለሳል። ሃያ ዓመት ማቀዝቀዣ የጠገንኩት ሌላ ምን ስሠራ ነው? ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ።

እሑድ 8

ቀኑን ሙሉ ንድፍ። ርዝመቱ 300፣ ቁመቱ 180፣ ወርዱ 140 ሚሊሜትር። መጀመሪያ በካርቶን ሠራሁት። ስሌቱን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ከጎን ይቆማል፣ ራዲያተሩ ከላይ ይተኛል፣ ፓምፑና ውሃ ማጠራቀሚያው ፊት ለፊት። በካርዱና በራዲያተሩ መካከል የሚተርፈው ክፍተት ሦስት ሚሊሜትር ነው። በሥራ ቦታ «ሚሊ» የሚሉኝ ለማሾፍ ነው፤ ዛሬ ግን ሦስቷን ሚሊሜትር ሳገኛት ብቻዬን ሳቅሁ።

እትዬ ሻይ ይዛ ገባች። ካርቶኑን አየችው።

«የጫማ ካርቶን ነው?»

«የአንቺ ማሽን ነው።»

«እኔ እዚህ ውስጥ ልገባ ነው? ትንሽ ሰፋ አድርገው እንጂ፣ ወፍሬያለሁ።»

ከዚያ ወረቀቷን አወጣች። «አንዷን ላንብብልህ?» አለች። ቆይ አልኳት። ማጣበቂያው እየደረቀብኝ ነበር።

ማክሰኞ 10

ፓምፕ ታዘዘ። ካርድ ታዘዘ። መዳብ ቱቦ ከሥራ ቦታ፣ ስምንት ሚሊሜትር፣ ሁለት ሜትር። ጎማ ቀለበቶች። የተጣራ ውሃ አምስት ሊትር። ራዲያተር ቅዳሜ ይመጣል። የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ጠሩኝ፣ እየሮጥኩ ነው።

ቅዳሜ 14

ዕቃ ሻጩ ራዲያተሩን ሰጠኝ። ክብደቱ አልጣመኝም። «መዳብ ነው?» አልኩት። «ንጹሕ መዳብ!» አለ፣ በእናቱም ማለለኝ። ቤት ወስጄ ከታች በኩል በምስማር ጫር ባደርገው ነጭ ወጣ። አሉሚኒየም ነው፣ ቀለም የተቀባ። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ከተገናኙ ቀስ እያለ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። መለስኩለት። «ወንድሜ፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። ውሃው ያየዋል አልኩት።

ትክክለኛው በስምንት ቀን ይደርሳል። ስምንት ቀን ምንም አይደለም። ቱቦውን እያጠፍኩ እቆያለሁ።

ባለቤቴ ምሳ ላይ «እትዬ ማንበብ መቼ ነው የምትጀምረው?» አለች። ሣጥኑ ሲያልቅ። ስንት ጊዜ ልንገራት?

ማክሰኞ 17፣ ገና ሳይነጋ

ሕልም። ጣቢያው በውሃ ተሞልቶ፣ ውሃው ጥርት ያለ፣ አረንጓዴ። አውቶቡሶቹ መብራታቸውን አብርተው እንደ ዓሣ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ተሳፋሪዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፣ ፀጉራቸው ብቻ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። እትዬ ከመስታወቷ ጀርባ አፏን ስትከፍት ቃል አይወጣም፤ አረፋ ነው የሚወጣው። አረፋው ጣሪያ ላይ ደርሶ ሲፈነዳ አንዳንድ ሰዓት ይሰማል፤ «ሦስት ሰዓት ተኩል…» «አሥር ሰዓት…»። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያዳምጣል። እኔ መፍቻ ይዤ የሚያፈሰውን መገጣጠሚያ እፈልጋለሁ። የሚያፈሰው ሰማዩ ነበር። ብሎኑን ሳጣ ነቃሁ።

ደስ የሚል ሕልም ነበር። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም።

ሐሙስ 19

ለምሳ ቀደም ብዬ መጣሁ። ባለቤቴና እትዬ በልብስ መስፊያ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፤ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ የደንበኞቿ ልብስ ያለበት ትልቁ ቁም ሣጥን እዚያ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል።

«እጁ ሥራ ካጣ ይታመማል» አለች ባለቤቴ።

«ተይው ሙሽሪት» አለች እትዬ። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ እሷ ግን አሁንም ሙሽሪት ትላታለች። «ሲፈራ እንዲህ ነው። እናታችን የታመመች ጊዜ የጓሮውን በር ሰባት ጊዜ ፈታቶ ገጠመው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ገብተህ እጇን ያዝ ስንለው መዶሻ ይፈልጋል።»

የበሩ ማጠፊያ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር። ይህን ማንም አያስታውስም።

ማክሰኞ 24

ራዲያተሩ መጣ፤ መዳብ ነው።

ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ ሆዱን በደረቅ አሸዋ ሞልቼ፣ አፉን ደፍኜ፣ በእሳት አለስልሼ ነው የማጥፈው። አንዷ እጥፋት አራት ጊዜ ተበላሸችብኝ። አምስተኛው ላይ እትዬ ከሥራ መጣችና በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋ ሻክሯል።

«ዛሬ አንዱ ተሳፋሪ መስታወቴ ጋ መጥቶ ‘ያ ሰውዬ አሁን ምን አለ?’ አይለኝም?» አለች።

«የቱ ሰውዬ?»

«እኔ ነኛ!»

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ ብዙ ቆየ። ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ ስታበቃ «እንግዲህ እንጀምር?» አለችኝ። እስከ ቅዳሜ ልጨርሰው አልኳት። እጄን አየችው፤ አሸዋ ነበር።

«እሺ» አለች። «እስከ ቅዳሜ።»

ቅዳሜ 28

ዛሬ ውሃ ሞላሁት።

በአየር ግፊት ስድስት ሰዓት ፈተንኩት፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ውሃውን በቀጭን ቱቦ ቀስ እያልኩ አጠጣሁት። ቱቦው ውስጥ አየር ተደብቆ ቀረ፤ ፓምፑ ያጉረመርማል። አየሩን ለማስወጣት ሣጥኑን አንስቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ማዘንበል ነው። አቅፌው ክፍሉ ውስጥ ተዘዋወርኩ። አረፋዎቹ አንድ በአንድ ወደ ማጠራቀሚያው ወጥተው ጠፉ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «አገሣ እንዴ?» አለችኝ፤ ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ነበር የያዝኩት።

ከዚያ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ውሃው ይሄዳል፣ መብራቱ በመዳቡ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ጆሮ ግን ምንም አያገኝም። እትዬ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ አስደገፈች።

«ሞቷል?»

«እየሠራ ነው።»

«ዝም ብሎም ይሠራል ለካ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። እጇን ከሣጥኑ ላይ ቶሎ አላነሳችም።

ማንበቡን ነገ እንጀምራለን። አንዷ ቱቦ ብቻ ሁለት ሚሊሜትር ዘንበል ብላለች። ዓይን ትወጋለች።

ሰኞ 30

ፈሰሰ።

ትናንት ያቺን ቱቦ ለማቃናት መገጣጠሚያውን ፈታሁ። መልሼ አጠበቅሁ። በአየር አልፈተንኩትም። ቀለበቷ ተቆንጥጣ ተቆርጣለች። ዛሬ ጠብታ ካርዱ ላይ። ጠፋ።

ሁለት ሚሊሜትር።

ማድረቅ። ሦስት ቀን አለመንካት። እትዬ ወረቀቷን ይዛ መጥታ አይታኝ ተመለሰች።

ማክሰኞ 1፣ አዲስ ወር

መቀስ ፍለጋ ወደ መስፊያው ክፍል ገባሁ። ትልቁ ቁም ሣጥን በሩ ክፍት ነው፤ እትዬ ውስጡ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ በግራ በቀኟ ካፖርትና ቀሚስ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስልክ ይዛላታለች። እትዬ «ባቡሩ ድልድዩን ተሻገረ» ብላ እያነበበች ነበር።

ባለቤቴ ስልኩን ዝቅ አደረገች።

«ልብሱ ድምፅ ይውጣል» አለች ባለቤቴ። «ማሚቶ አይኖርም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአሥራ አምስት።»

አሥራ ስድስት ቀን በገዛ ቤቴ። እኔን እንዳይከፋኝ ብለው ተደብቀው! አንድ ሺህ ዓረፍተ ነገር ጨርሰዋል። የቀሩት ሁለት መቶ ናቸው፤ ጥያቄዎቹ በወረቀቱ መጨረሻ ነው ያሉት። «በሁለት ቀን እንጨርሰዋለን» አለች ባለቤቴ።

ስልኩን ተቀብዬ አዳመጥኩ። ዝናብ ይሰማል። ቆርቆሮው ላይ፣ ከሩቅ፣ ከቃሏ ሥር። ሣጥኑ ሐሙስ ደርቆ ይነሳል፤ ጥሩ ማይክሮፎን አለኝ፤ ከአንደኛው እንጀምር አልኩ።

ባለቤቴ ከወለሉ ተነሳች። «ሁለት መቶ ነው የቀራት!»

«ዝናብ ገብቶበታል!»

እትዬ ሁለታችንንም አየችን። እኔን ቆየት አድርጋ።

«እሺ» አለች። «ከአንደኛው እንጀምር።»

ሐሙስ 3

ተነሳ። ካርዱ አልሞተም። በአዲስ ቀለበት፣ ስምንት ሰዓት በአየር ተፈትኖ። ነገ።

እሑድ 6

ሦስተኛ ቀናችን ነው። ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥን ነው፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ ማይክሮፎኑን እይዛለሁ። ሣጥኑ በመካከላችን ዝም ብሎ ይሠራል። ዓረፍተ ነገሮቹ ከዓለም ሁሉ ተለቃቅመው የመጡ ይመስላሉ፤ አንዱ ስለ ዳክዬ፣ አንዱ ስለ ግብር፣ አንዱ ስለ ሰማያዊ ወንበር። እሷ ስታነባቸው ግን ሁሉም የሆነ ቦታ የሚሄዱ አውቶቡሶች ይሆናሉ። ዓይኔን ስጨፍን መስኮቱ ጋ ቆሞ የሚያውለበልብ ሰው ይታየኛል። በመሃል ዕረፍት እናደርጋለን፤ ስለ እናታችን አወራችኝ፤ እኔ የማላውቀውን። እናታችን ስታፏጭ እንደ ወንድ ነበር አሉ።

ሁለት መቶ ሰማንያ ደርሰናል። በቀን መቶ እንኳ አልሞላም። በየአምስቱ ዓረፍተ ነገር ውሃ ትጠጣለች።

ማክሰኞ 8

410። ከዚያ በላይ አልቻለችም። ነገ።

ረቡዕ 9

ጠዋት አፏን ከፈተች፣ አልመጣም። ትንፋሽ ብቻ። ሐኪሙ እስከ ሰኞ አንድ ቃል እንዳትናገር አለ።

ሁለት መቶ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ 13

ከሰዓት በኋላ እትዬ ወደ ሥራ ክፍሌ መጣችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ማይክሮፎኑ ተከፍቶ ነበር። አጠፋሁት። አትናገሪ ተብለሻል አልኳት። በእጇ ጠራችኝና ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ። «ከአንደኛው እንጀምር ስትል ለምን እሺ አልኩህ?»

አላውቅም አልኳት። አውቅ ነበር መሰለኝ።

«ከሙሽሪት ጋር ብጨርሰው አንተ አትመጣም ነበር። አምስት ቀን ተቀመጥክልኝ።»

እጇን ያዝኩ። ሌላ የምይዘው ነገር አልፈለግሁም። ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ መስኮቱ ላይ የቀረው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥን።

ማክሰኞ 15

ከቀዶ ጥገናው ወጥታለች። በሰላም። አንገቷ ላይ ፋሻ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፣ አፏን ከፈተች፣ ትዝ አላትና ዘጋችው።

እሑድ 20

ሣጥኑ ድምፅዋን እየተማረ ነው። የስልኩን ሺህ ከእኔ አራት መቶ ጋር አንድ ላይ ሰጠሁት። ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሳይቆም። እጄን ራዲያተሩ ላይ ሳደርግ ይሞቃል፤ ልክ የሰው ግንባር ያህል። ከሆስፒታል ስመለስ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው። ምን እንደሚማር አስባለሁ። ዳክዬውን፣ ግብሩን፣ ወንበሩን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብም ይማር ይሆናል።

እሑድ 27

እትዬ ቤት ገባች። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ የቁልፍ ሰሌዳውን ሰጠኋት። ብዙ አሰበች። ከዚያ ጻፈች፤ ሣጥኑም ተናገረ፦

«ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ሻንጣችሁን አትርሱ።»

እሷ ናት። ከመሻከሯ በፊት የነበረችው። ባለቤቴ ፊቷን በልብስ ሸፈነች። እትዬ ግን ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ እንደ እንግዳ አዳመጠችው፤ ከዚያ በእስክርቢቶ ወረቀት ላይ ጻፈች፦ «ይቺ ሴትዮ እኔ አይደለሁም። ግን ደህና ሰው ትመስላለች፤ ሥራ ስጧት።»

እራት ላይ ነው የገባን። እትዬ ጻፈች፣ ሣጥኑ «ጨው አነሰው» አለ። ባለቤቴ ተነስታ ጨው አመጣች። እትዬ እጇን አወናጨፈች፤ ለካ እየጠየቀቻት ነው። ባለቤቴን «ደከመሽ?» ልትላት ትጽፋለች፣ ሣጥኑ «ደከመሽ» ብሎ ይፈርዳል። እኔን «በላህ?» ትለኛለች፤ «በላህ» ይለኛል፣ እንደ መርማሪ። የጥያቄ ምልክቱን ብታስቀምጥም አያነሳውም፤ ድምፁ መጨረሻ ላይ ከፍ ማለት እንዳለበት ማን አስተማረው? ሁለት መቶዎቹ ውስጥ ነበር ያለው።

ስቀዋል፣ ሁለቱም። እትዬ ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻዋ እስኪርገበገብ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ።

ረቡዕ 30

ባለሙያዋን ጠየቅኋት። «ወይ» ይጨምሩበት አለች። «በላህ ወይ» ብላ ትጻፍ። እትዬ ወዲያው ለመደችው። አሁን ቤቱ ሁሉ ወይ ወይ ነው።

ሐሙስ 8፣ አዲስ ወር

ዛሬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሣጥኑን እኔ ተሸክሜ ወሰድኩላት፤ ማይክሮፎኑ ጎን፣ በመስታወቱና በስልኩ መካከል ልክ ገባ። ሦስት ሰዓት ላይ ጻፈች። ድምፁ ወደ አደባባዩ ወጣ፤ «ሦስት ሰዓት ተኩል የሚነሳው አውቶቡስ፣ መስመር አራት፣ ተሳፋሪዎች ግቡ።» አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየም። ሻንጣቸውን አንስተው ገቡ። አውቶቡሱ ሄደ።

የምሠራው አልነበረኝም። ግን ክዳኑን ከፍቼ መገጣጠሚያዎቹን በጣቴ ዳሰስኩ፣ ደረቅ ናቸው። ዘጋሁት። ሙቀቱን አየሁ። ደግሜ አየሁ። እትዬ ከወንበሯ ዞራ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ወደ ቁልፎቹ ተመለሰችና የውጪውን ማጉያ አጥፍታ ጻፈች።

«ደህና ነህ» አለ ሣጥኑ።

«ወይ» አልጨመረችበትም። ረስታው ይሆን፣ ሆነ ብላ ይሆን፣ ስክሪኑን አላየሁም።

«እሺ እትዬ» ብያት፣ በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።